በዓል የማያውቁ ኩላሊቶች

ከአምባ ጊዮርጊስ ወደ ጎንደር በሚሄደው ሚኒባስ ውስጥ፣ ከፊቴ አንድ ሽማግሌ ገበሬና አንዲት የነርስ ተማሪ ጎን ለጎን ተቀምጠዋል።

«አባባ፣ ምነው ይቁነጠነጣሉ?»

«ሐኪሞቹ ለአልትራሳውንድ ፊኛህን ሞልተህ ና ብለውኛል። ጠጠር ይኑረኝ አይኑረኝ የሚለየው ዛሬ ነው። ባለፈው መንገድ ላይ ሸናሁና ሳልታይ ተመለስሁ።»

«ልክ ናቸው፤ ፊኛ ሲሞላ ነው በደንብ የሚታየው።»

«አንድ ጆግ ውሃ ጠጥቻለሁ። እስከ ጎንደር እችለው ይሆን?»

«እርስዎ ቢችሉም ኩላሊቶችዎ አይታገሱም። ደሙን እያጣሩ፣ ሽንቱን በሁለት ቀጭን ቱቦ ወደ ፊኛ እያወረዱት ነው።»

«ሳያርፉ?»

«እርስዎ ቢተኙ እንኳ አያርፉም።»

«ሚካኤል የለ፣ ማርያም የለ?»

«ምንም የለ።»

«እንዲያማ ከሆነ የእኛ አገር ሰዎች አይደሉም።»

ኮሶዬ ስንደርስ ሾፌሩ አቆመ። «ሽንት የያዘው ይውረድ!»

«አባባ፣ ተጠሩ!» አለች ልጅቷ እየሳቀች።

«ወይ ፍንክች! ይልቅ ቋንቋቸውን ታውቂ የለ፣ ንገሪልኝ። ዛሬ ጊዮርጊስ ነው፤ እስከ ጎንደር ድረስ እንኳ ይረፉ በያቸው።»

ሽንት ይዞኝ ለመውረድ ከወንበሬ ተነስቼ የነበርሁት እኔ፣ ቀስ ብዬ ተመልሼ ተቀመጥሁ።