ሁለቱ «እኛ»

ከአቦቦ ወደ ጋምቤላ በሚሄደው ሚኒባስ ውስጥ ከፊቴ የተቀመጡት አሮጊት ገበሬ ጎናቸው ያለውን ወጣት አወቁት።

«ትናንት ስብሰባው ላይ ያስተረጎምከው አንተ ነህ አይደል፣ ልጄ?»

«እኔ ነኝ፣ እማማ።»

«የወረዳው ኃላፊ ‹ለመስኖው ስንል እኛ ከቦታችን እንነሳለን› ሲል እኛ ሰፋሪዎቹ አጨበጨብን። አኙዋዎቹ ግን ዝም አሉ። ምን ብለህ ነገርካቸው?»

«በእኛ በአኙዋ ቋንቋ ‹እኛ› ሁለት ነው። አንዱ የሚሰማውን ሰው ይጨምራል፣ ሌላው አይጨምርም። በሁለቱም ግን ተናጋሪው አለበት።»

«ታዲያ የትኛውን አልክ?»

«ግራ ገባኝ። ወደ ኃላፊው ጠጋ ብዬ ‹እርስዎም ይነሳሉ?› አልኳቸው።»

«ምን አለህ?»

«‹እኔ እዚህ ምን ቤት አለኝና?› አሉ። ስለዚህ ‹እናንተ ትነሳላችሁ› ብዬ አስተረጎምኩ።»



«እኛንም ያኔ ባለሥልጣኖቹ ከወሎ ሲያመጡን ‹አብረን ነን› ብለውን ነበር።»

«አብረው መጡ?»

«እስከ መኪናው ድረስ ሸኙን።»

«ሰኞ ለመነሳት የስምምነት ፊርማ ነው ተብሏል። ይፈርማሉ?»

«መጀመሪያ ኃላፊውን እጠይቀዋለሁ። የትኛው ‹እኛ› እንደሆነ ሰው ሁሉ እየሰማ ይንገረኝ። እስኪ ሁለቱንም በናንተ ቋንቋ አስተምረኝ።»

ወጣቱ ቀስ ብሎ ነገራቸው፤ እሳቸውም እስኪይዙት ድረስ እየደጋገሙ አሉት።

እኔም ስልኬን አወጣሁና ትናንት ተቀድቶ ተልኮልኝ ወድጄው የነበረውን ያንኑ የኃላፊውን ንግግር ከመጀመሪያው ጀምሬ እንደገና ማዳመጥ ያዝኩ።