እንጆሪ የሚሸተው መድኃኒት

— ሄሎ… ሄሎ፣ ማን ልበል? … ሰኚ? ሰኚዬ፣ ደረስሽ? ተመስገን አምላኬ… ቆይ፣ ወደ በረንዳው ልውጣ፤ ይኼ የአራብሳ ኔትወርክ ሳሎን ውስጥ አይሠራም… አዎ፣ አሁን እሰማሻለሁ። አውሪ።

— ኣብርሀት፣ ነይ ውጪ፣ ሰኚ ናት። ባንኮክ ገብታለች። … ሰኚ፣ እትዬ ኣብርሀት ከጠዋት ጀምራ እዚሁ እኔ ቤት ናት። ልጄን አግኝታው ይሆን፣ በርበሬውን ተቀብሏት ይሆን እያለች ጨጓራዬን ልጣዋለች… ገብረኣብ ውጪ እየጠበቀሽ ነው አይደል? … እ?

— ለምንድነው የምታለቅሺው? … ቀስ ብለሽ፣ አልሰማሁሽም። ከታች አንድ የአሸዋ መኪና እየገለበጠ ነው… ማን ያዘሽ?

— ጉምሩኮቹ። … ሻንጣሽን ከፍተው። … በርበሬውን ነው? በርበሬ ከሆነ አትደንግጪ፣ እኔንም ስንት ጊዜ አስከፍተውኛል። ያሸቱታል፣ ያስነጥሳቸዋል፣ ከዚያ ዝጊው ብለው ያሳልፉሻል… አይደለም? ታዲያ ምን አገኙ?

— ካልሲ ውስጥ… ጥቁር፣ እንደ ወፍራም እስክሪብቶ ያለ… ከነትንንሽ ጠርሙሶቹ። … ውይ፣ እሱማ የገብረኣብ መድኃኒት ነው። ኣብርሀት፣ በካልሲ የጠቀለልሽው የትንፋሽ መድኃኒቱን አይደል? … አዎ ነው ትላለች። አስም አለበት ልጁ። ለፋሲካ መጥቶ ሳለ ትራሱ ሥር ረስቶት ሄዶ፣ እዚያ አገር አይገኝምና በሰኚ ላኪልኝ ብሏት ነው። ሜዲስን ነው በያቸው።

— ብለሻቸው ነበር። … ሳቁ? የሰው በሽታ ምኑ ያስቃል?

— ምን? … ቬፕ። ቬፕ ምንድነው?

— ጉቱ፣ አንተ ጉቱ፣ ተነስ እስቲ። … አጎትሽ ሶፋው ላይ ተጋድሞ ነው ሰኚ። አንቺን ኤርፖርት ካደረሰሽ በኋላ ታክሲውን ሲነዳ አድሮ አሁን ገና ዓይኑን መክደኑ ነው… ጉቱ፣ ቬፕ ምንድነው? … የኤሌክትሪክ ሲጋራ? ባክህ አይደለም፣ እንጆሪ እንጆሪ ይሸታል እኮ። … እንጆሪም አለ፣ ማንጎም አለ ይላል። እዚህ ቦሌ ሩዋንዳ ሰፈር በየባሩ ወጣቶቹ የሚያጨሱት ይኼንኑ ነው ይላል።

— ኣብርሀት፣ ቆይ፣ አትጩሂብኝ። እኔ አይደለሁም ያልኩት፣ ጉምሩኮቹ ናቸው። … ልጄ ሲጋራ በአፉ አልዞረም እያለች ነው። እሷ እኮ ሰኚ፣ መድኃኒቱ እንዲሠራለት በየቀኑ ጸበል ትረጨው ነበር። … እኔስ ብትይ? ያኔ ጉንፋን ደረቴን ሲያፍነኝ፣ እስቲ የልጄን መድኃኒት ሞክሪው ብላ ሰጥታኝ ሁለት ጊዜ ሳብኩት። አዙሮኝ አልጋዬ ላይ ስወድቅ፣ ያዘሽ፣ እየሠራ ነው አለችኝ። … እየሳቅሽ ነው እያለቀስሽ ነው? … ሁለቱንም። አይዞሽ።

— ጉቱ፣ ታዲያ ምን ያደርጓታል? … ተናገር፣ ፊትህን አይቼዋለሁ። … ሰኚ፣ ትሰሚኛለሽ? ማን ፈራ አለሽ? ድምፄ ነው? እሱ ነፋሱ ነው፣ በረንዳው ላይ ነፋስ አለ።

— ምንም አይደለም አለ ጉቱ። … እሺ፣ እሺ፣ እነግርሻለሁ። እዚያ አገር ይዞ መግባቱ በጥብቅ ክልክል ነው አለ። እስርም አለው ሲሉ ሰምቻለሁ አለ። … እዚህም በአዲሱ አዋጅ ተከልክሏል እኮ፤ ከቦሌ የሚጭናቸው ሰዎች አንዳንዶቹ ተቀምተው እየተነጫነጩ ነው የሚወጡት። ግን እኛ አገር ክልክል ነው ሲሉህ ደብቀህ አድርገው ማለት ነው፣ እዚያ ክልክል ማለት ክልክል ነው ይላል። አሁን መጥቶ ይፈላሰፍብኛል። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ።

— ምን ወረቀት? … ፈርሚ አሉሽ? በምን ቋንቋ ነው የተጻፈው? … በእነሱ ፊደል። አትፈርሚ። ሰኚ፣ ያላነበብሽውን እንዳትፈርሚ። እስክሪብቶውን ቢሰጡሽም አትቀበያቸው። እናቴ ስልክ ላይ ናት በያቸው።

— ቆይ፣ ቆይ። የማን ነው ሲሉሽ ምን አልሻቸው? … የኔ ነው? ምን ነካሽ፣ ለምን የኔ ነው ትያለሽ?

— …

— አዎ። እኔ ነኝ። እንደዚያ በይ ያልኩሽ እኔ ነኝ።

— አውቃለሁ ልጄ። ቦሌ ላይ ሻንጣውን ራስሽ ነሽ ያሸግሽው ሲሉሽ አዎ በይ፣ የሰው ዕቃ ይዘሻል ወይ ሲሉሽ አልያዝኩም በይ ብዬሻለሁ። ሁላችንም እንደዚያ ነው የምንለው። ለሱቁ ልብስ ላመጣ በተመላለስኩ ቁጥር የሰፈሩን አደራ ተሸክሜ ነው የምሄደው፤ የማን ቡና፣ የማን ሽሮ፣ የማን የክርስትና ልብስ። የሰው ነው ብዬ አላውቅም። ከፍቼ አይቼም አላውቅም። አደራ ጥብቅ፣ ሰማይ ሩቅ፤ የሰው አደራ አይበረበርም እያልኩ ያሳደግኩሽ እኔው ነኝ። ይኼ ጉልበቴ ባይከዳኝ እዚያ የምትቆመው እናትሽ ደሪቱ ነበረች። ምነው እኔ በሆንኩ።

— አሁን ስሚኝ። እውነቱን ንገሪያቸው። አላሸግኩትም፣ ተሰጥቶኝ ነው በያቸው። … አሁን ካልሽ አያምኑሽም? … ባለቤቱ ይምጣ አሉ። ባለቤቱማ ከበሩ ወዲያ ቆሟል እኮ። … በሩ በተከፈተ ቁጥር ይታይሻል? … በይ ቆይኝ።

— ኣብርሀት፣ ደውዪለት። … መድኃኒት ይሁን ሲጋራ እዚያ ይለያል፣ አንቺ ብቻ ደውዪና ግባ በይው። የኔ ነው ይበል። መድኃኒት ከሆነ ምን ያስፈራዋል? … ተባረኪ። … እየደወለች ነው ሰኚ። … ይጠራል። … ይጠራል። … አላነሳም።

— ምን አልሽ? … ስልኩን በእጁ ይዞ እያየው ነው? … እሺ። እሺ፣ ሰማሁሽ።

— ምንም አላለችም ኣብርሀት። ኔትወርክ ነው የሚሆነው፤ ደግመሽ ደውዪ።

— … አነሳ። ሰኚ፣ አነሳ። በትግርኛ ነው የሚያወሩት፣ አንድም አልገባኝም… ፊቷን ብታዪው። እየሰማች ብቻ ነው። … ጉቱ፣ ወንበር አምጣላት።

— ምን አለሽ ኣብርሀት? … ንገሪኝ እንጂ፣ ልጄ እኮ ናት የተያዘችው። … አይገባም? … ከገባሁ ከትምህርት ቤት አባርረው ወደ አገሬ ይሰዱኛል አለ። ሰኚ እንግዳ ናት፣ የመጀመሪያዋ ነው፣ ተቆጥተው ይለቋታል አለ። … መድኃኒት ነው ወይ ብለሽስ ጠየቅሽው? … ስልኩን ዘጋብኝ ትላለች።

— ሰኚ። አሁን በኦሮምኛ ነው የማወራሽ፤ ኣብርሀት ጆሮዋን ስልኩ ላይ ጥላዋለች፣ እሷ ደግሞ ኦሮምኛ አትሰማም። አንቺም በኦሮምኛ መልሺልኝ። … ኢንታላ ኮ፣ ልጄ፣ ፈርቻለሁ። ነፋሱ አይደለም፣ እኔ ነኝ። የበረንዳውን ብረት ይዤ ነው የማወራሽ። … ስሚኝ። በሩ ሲከፈት በጣትሽ አሳያቸው። ያ ነው በያቸው። ስሙን ከነአባቱ ንገሪያቸው።

— የሰው ልጅ አሳልፌ እየሰጠሁ እንደሆነ ይገባኛል። አንቺ ግን የኔ ነሽ።

— ምን? … አዎ። እኔ ባንኮክ ስመላለስ ራት ያበላችሽ እሷ ናት። … አዎ፣ ትኩሳት ይዞሽ ጀርባዋ ላይ አዝላሽ ያደረችውም እሷ ናት። አላጣሁትም ሰኚ። … ቢሆንስ? ለዚያ ብለሽ ትታሰሪልኛለሽ? … አይሆንም አትበይኝ። ከእናትሽ ጋር አትከራከሪ። … ሰኚ። ሰኚ፣ እባክሽ።

— …

— በቃ፣ ወደ አማርኛ ልመለስ። እያየችኝ ነው። ቋንቋውን ባትሰማውም ዓይኔን አይታዋለች። … ምን ሆንሽ ኣብርሀት? … መልሳ እየደወለችለት ነው ሰኚ። ቆዪ፣ አትዝጊው፣ ቆዪ።

— … አነሳ። … አሁን በአማርኛ ነው ያወራችው። እኔ እንድሰማት ነው መሰለኝ። … የሰው ልጅ አስይዘህ የኔ ልጅ አትባልም፣ ግባ አለችው። እሱን ብቻ ብላ ዘጋችው።

— አሁን ስልኩን ጭኗ ላይ አስቀምጣ እሱኑ እያየች ነው። … እኔም አላውቅም ልጄ። እንጠብቅ። … ኦፊሰሩ ምን ይላል? … ሰዓቱን ያያል። … ወረቀቱን እንደገና ገፋልሽ? አትንኪው። አንድ ደቂቃ በይው፣ በእጅሽ አሳዪው። … ጉቱ፣ ሬዲዮኑን ዝጋ፣ ማን ከፈተው?

— በሩ ተከፈተ? … እና? … ሌላ ሰው ነው። … እሺ። እሺ። እኔ እዚሁ ነኝ። ድንግል ማርያም፣ የዚችን ልጅ ነገር።

— … እ? እየመጣ ነው? … እርግጠኛ ነሽ? ነጭ ሸሚዝ… ጠባቂው አስቆመው። … እጁን ወደ አንቺ ዘረጋ። … ምን እያላቸው ነው? … የኔ ነው አላቸው? አፉን ሞልቶ፣ የኔ ነው አለ?

— … ወረቀቱን ከፊትሽ አነሱት። … ፓስፖርትሽን… ሰጡሽ? በእጅሽ ይዘሽዋል? … እል…

— አይ፣ ምንም። እልል ልል ነበር፣ ዋጥኩት። ቀስ ብለሽ አውሪ ልጄ፣ አጠገቤ ናት። ከወንበሩ ወርዳ ወለሉ ላይ ተቀምጣለች።

— … ገባ ኣብርሀት። አዎ። ራሱ በእግሩ ገባ፣ የኔ ነው አላቸው። … ሰኚ በጣቷ አላሳየችውም። ማርያምን አላሳየችውም። አንቺው ነሽ ያስገባሽው።

— እሱን ወዴት ወሰዱት? … ወደ ውስጠኛው ክፍል። … እጁን በካቴና አላሰሩትም? እሺ፣ እሱን እነግራታለሁ። … አንገቱን ደፍቶ ይቅርታ አለሽ? … ይቅርታውን እኔ አሁን አልቀበለውም። ንዴቴ ገና አልወጣልኝም። አንቺ ከፈለግሽ ተቀበይው።

— ሰኚ፣ ሳትወጪ አንድ ነገር አድርጊልኝ። በርበሬውን እዚያው ፊታቸው ፍቺው። አዎ፣ የኣብርሀትን አደራ ፍቺው፣ እኔ ነኝ ያዘዝኩሽ። ሽሮውንም። እስከ ታች ድረስ አገላብጠው ይዩት። ከዚያ ለሱ ስጡልኝ ብለሽ ለምኛቸው። እናቱ ለሱ ብላ ያስፈጨችው ነው በያቸው። አደራው መድረስ አለበት። … ባይቀበሉሽም ለምኚ፣ በርበሬ ሲያስነጥሳቸው ለምደውታል።

— ቆይ፣ ኣብርሀት የምትለው አላት። … ምን ልበላት? … እሺ። … ሰኚ፣ ከስቷል ወይ ትላለች። ገብረኣብ። ከስቶ ነው ወይ? … ሰኚ?

— ሄሎ? … ሄሎ፣ ትሰሚኛለሽ? …

— ጉቱ፣ በኦሮምኛ ልንገርህ፣ ተቋርጧል። ዝም በል፣ አትንገራት።

— … እ? አዎ ኣብርሀት፣ ነገረችኝ። አልከሳም አለች።