ሦስት ክረምት ያልተመረገው ግድግዳ

መጋቢት 12 ቀን 2005 ዓ.ም. ሐሙስ ነበር። የሚካኤል ዕለት ስለሆነ የታጠበ ጋቢዬን ለብሼ፣ የቤት መሥሪያ ፈቃድ ልጠይቅ ወደ ከተማው ጽሕፈት ቤት ሄድሁ። መስኮቱ ላይ ስማቸው የሚባል ጸሐፊ ተቀምጧል። እኔ እስከ አራተኛ ክፍል ተምሬያለሁ፤ ስሜን መጻፍ እችላለሁ። ዳሩ ግን ከኋላዬ አሥራ አንድ ሰው ቆሞ ሲያየኝ ከስሜ «ደ»ን ብቻ ጽፌ ቆምሁ። ስማቸው እስክርቢቶውን ነጠቀኝ። «ጣትህን ቀለም ንከርና ሂድ! ለቀርከሃ ፈላጭ ፊርማ ምን ያደርግለታል?» አለ። ሰው ሳቀ። ከሳቁት የሦስቱን ስም ዛሬም አልረሳሁም። ወረቀቱን እዚያው ጥዬ ወጣሁ።

ያ ጽሕፈት ቤት ከእኔ አንዳች ነገር እንዳያገኝ ያን ቀን ማልሁ። ቦታው የእኔ ነው፤ ካርታ አለኝ። ከሦስት ዓመት በፊት፣ ጊዜ ሲሰጠኝ፣ ከቀርከሃ አጥሬ ጀርባ ባለ ሁለት ክፍል ቆርቆሮ ቤት ሠራሁ፤ ለማንም አላሳወቅሁም። ያለቀ ቤት ግብር አለበት ሲባል ሰምቼ ስለነበር የሰሜኑን ግድግዳ ሳልመርገው ተውሁት። ማገሩ እንደ ከሳ በሬ ጎድን ይቆጠራል። መጥተው ቢጠይቁኝ «ገና አላለቀም» ልል ነው። በሰፈራችን እንዲህ የሚያደርግ እኔ ብቻ አይደለሁም፤ መዝጊያ ሳይገጥም በመጋረጃ የሚኖር አለ። የእንጅባራን ብርድ የሚያውቅ ሰው ግን ነገሩ ይገባዋል። ባለቤቴ ዋጋዬ የምትተኛው በዚያ ግድግዳ በኩል ነው።

ባለፈው መስከረም፣ ረቡዕ ቀን፣ ዝናብ መንገድ ላይ ያዘኝ። የተሸከምሁትን ቀርከሃ አውርጄ ከሙደሲር ሚስማር መሸጫ በረንዳ ሥር ተጠጋሁ። የሙደሲር ልጅ ኢንሳፍ እዚያው ቆማለች። ዩኒቨርሲቲ ጨርሳ፣ ለከተማው የጎርፍ ቦይ መሬት ከሚለኩት ጋር ትሠራለች። በአዊኛ ጤንነቴን ጠየቀችኝና ወደ አማርኛ ተሻገረች፤ የቢሮ ነገር ልታወራኝ መሆኑን ያን ጊዜ ጠረጠርሁ።

«ጋሽ ደሴ፣ አላህ አገናኘን! ቤትዎ ድረስ ልመጣ ነበር። የቤትዎ ጉዳይ ነው።»

«የምን ቤት? ገና አላለቀም።»

«በሦስት ዓመት? ቤተ መንግሥት ነው እንዴ የሚሠሩት?»

«አባትሽ ሚስማሩን እያስወደደ እንዴት ብሎ ይለቅ!»

ሳቀች። ከዚያ ከላስቲክ ውስጥ የተጠቀለለ ወረቀት አወጣችና ቀርከሃዬ ላይ ዘረጋችው።

«ይኸ መንገዳችን ነው። ይኸ የአባቴ ሱቅ። ይኸ ደግሞ የእርስዎ ቦታ፤ ምን ይታይዎታል?»

«ምንም የለበትም።»

«እኮ! መዝገብ ላይ ቤት ስለሌለ ወረቀቱ ላይ ሣር ነው። ቦዩም በሣሩ ያልፋል። ቤት ቢኖር ኖሮ በመንገዱ ዳር ይዞር ነበር። ማመልከቻ የሚቀበሉት እስከ ዓርብ ነው፤ ሰኞ ቁፋሮ ይጀመራል።»

ጣቷ ያረፈው ዋጋዬ በምትተኛበት ላይ ነበር።

«አንቺ ቤቱን ስታዪው አይደል የምትውዪው? ለምን አልጻፍሽውም?»

«ባለቤቱ ሳይናገር? እኔ ብጽፈው ጠቋሚ ነኝ። እርስዎ ቢናገሩ ባለቤት ነዎት።»

«ተናግሬ ለእነዚያ ግብር ልክፈል? ስማቸው ምን እንዳደረገኝ አታውቂም!»

«አውቃለሁ ጋሽ ደሴ። ሰፈሩ በሙሉ ያውቃል። በየዓመቱ ይነግሩን የለ?»

ዝናቡ ባይኖር ኖሮ ጥያት በሄድሁ ነበር። የተማረ ሰው ሲናገረኝ ሁልጊዜ ያ መስኮት ይታየኛል። እሷ ግን ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ነበር የምትናገር፤ በረንዳው ላይ ሌላ ሰው እንዳይሰማ።

«የሰደበዎት ስማቸው ነው፤ መዝገቡ አልሰደበዎትም። ስማቸው እንደሁ ጡረታ ወጥቶ ፀሐይ ይሞቃል። የእሱ ቤት ተመዝግቧል፤ የጣሪያና ግድግዳ ግብሩንም ይከፍላል። ታዲያ እሱን እቀጣለሁ ብለው የቀጡት ማንን ነው?»

«ማንን ቀጣሁ?»

«እትዬ ዋጋዬ ባለፈው ሳምንት ከሱቃችን ላስቲክ ገዙ፤ ማገሩን ሊሸፍኑበት። አራተኛቸው ነው። አባቴ ‹ባልሽ ለምን አይመርገውም?› ቢላቸው፣ ‹ነፋሱ ነው እንጂ እሱ ምን ያድርግ› አሉ።»

እኔ ስድቤን ላገኘሁት ሁሉ ስዘረዝር፣ ዋጋዬ ጥፋቴን ከሰው ትሸሽግልኝ ኖሯል።

«ቅጣት አለው?» አልኋት።

«አለው፤ አልዋሽዎትም። ከፋፍሎ መክፈል ግን ይቻላል ብለውኛል።»

«ግብሩስ ለእኔ ምን ይመልሳል?»

«ቦዩ በምን የሚቆፈር ይመስልዎታል? በዚህ ክረምት ጎርፍ የጎረቤታችንን የፋናን ማድቤት ሲያጥለቀልቅ፣ ‹ከተማው ባለቤት የለውም ወይ!› ብለው የጮኹት እርስዎ አይደሉም?»

«እኔ መቼ ጮህሁ?»

«ጮኸዋል! ሱቅ ውስጥ ሆኜ ሰምቻለሁ።»

እኔም ሳላስበው ሳቅሁ። ከዚያ ያሳፈረኝን ጥያቄ ጠየቅኋት። «ስሜንስ ማን ይጽፍልኛል?»

«ራስዎ ይጻፉታ። ቀስ ብለው።»

በማግሥቱ ሄድሁ። መስኮቱ ላይ አንዲት ወጣት ሴት ነበረች። «ይቀመጡ አባቴ» ብላ ወንበር አሳየችኝ። «ደሴ ይኸነው» ብዬ እስከ መጨረሻው ጻፍሁ። ከኋላዬ ስድስት ሰው ቆሟል። የሳቀ የለም፤ እንዲያውም አንዱ ያዛጋ ነበር።

ቦዩ ዛሬ በመንገዱ ዳር ያልፋል፤ የፋና ማድቤትም ከጎርፍ ተርፏል። ስለዚህ እንደ እኔ ቤቱን ሳያስመዘግብ የተቀመጠ ሰው ካለ ይህን ልንገረው። ያልተጻፈ ቤት ሲነኩት የሚከራከርለት ወረቀት የለውም፤ ለልጅ ቢያወርሱት ጠብ ነው፤ ነገ መሸጥም ሆነ በእሱ መበደር አይቻልም። የከፈለ ሰው ግን መብራቱና መንገዱ የት ደረሰ ብሎ ሳይፈራ ይጠይቃል። ቂም ይዘው በብርድ ላይ ቢቀመጡ ሰዳቢውን አይበርደውም፤ እኔ ይህን ለማወቅ ሦስት ክረምት ፈጀብኝ፤ የከፈለችው ደግሞ ዋጋዬ ናት።

ስሜን የጻፍሁ ዕለት ከጽሕፈት ቤቱ ስወጣ ስማቸው አጥሩ ሥር ከዘራውን ይዞ ፀሐይ ይሞቃል። ወዲያው ለየኝ።

«ደሴ! ዛሬስ ጣትህን ነከርህ ወይስ ጻፍህ?» አለና ዙሪያውን የሚስቅለት ሰው ፈለገ።

ለዚህ ሰው የሚሆን መልስ ቀርከሃ በፈለጥሁ ቁጥር ሳዘጋጅ አሥራ ሁለት ዓመት አልፎኛል። ሁሉም አፌ ላይ መጡ። ጠዋት ስወጣ ግን ዋጋዬ የግድግዳውን ጭቃ አቡክታ፣ ጭዱን ነስንሳ፣ እየረገጠች ነበር የተውኋት። ፀሐይዋ ደግሞ እስከ ስንት ሰዓት እንደምትቆይ አይታወቅም።

ስማቸውን ከነከዘራው ትቼ ግድግዳዬን ልመርግ ወደ ቤቴ ፈጠንሁ።