በማግ የተጠቀለለው ቋጠሮ

ዶክተር ቤዛብሕ መኪናው ጋራዥ ባትገባ ኖሮ ያን ቀን ሚኒባስ ባልተሳፈረ ነበር፤ ሚኒባስ ባይሳፈር ደግሞ አቶ መላኩን ባላገኘ ነበር። በአንድ ዩኒቨርሲቲ የኤሌክትሪካል ምህንድስና መምህር ነው። ከውጭ አገር ለሚመጣ የምርምር ባልደረባው ጋቢ ሊገዛ ወደ ሽሮ ሜዳ ሲወጣ ከኋላ ወንበር አንድ እጅ ትከሻውን ያዘው።

«ቤዛ! አንተ ነህ ወይስ ዐይኔ ነው?»

አቶ መላኩ ሸማኔ ናቸው። የቤዛብሕ አባት በሕይወት ሳሉ በእሳቸው ቤት ጎን ለጎን ተቀምጠው ይሸምኑ ነበር፤ ቤዛብሕም ለማትሪክ ያነበበው በዚያው ቤት አምፖል ሥር ነው። ያን ቤት ከረገጠ ግን ዐሥራ አራት ዓመት ሆኖታል። ከቢሮው እስከዚያ በሚኒባስ ግማሽ ሰዓት አይሞላም። አንባቢ ይፍረደው።

«ጋሼ መላኩ… ማለቴ፣ እንደምን ከረሙ?» አለ አፉ ተሳስሮ።

«ደህና ነኝ ልጄ። ጠፋህ ብዬ አልወቅስህም፤ ትልቅ ሰው ሥራ ይበዛበታል። ዛሬ ግን አለቅህም። ጋቢስ ቢሆን ከእኔ ቤት ሌላ የት ልትገዛ ኖሯል?»

ቤቱ እንደ ድሮው ነው። አራት ሸማኔዎች እግራቸውን በየጉድጓዳቸው ከተው መወርወሪያውን ያመላልሳሉ። ክረምት ነውና ጣሪያው ያፈሳል፣ የጉድጓዱም አፈር ርሷል። የአቶ መላኩ ልጅ ሩቲ ቀኝ መዳፏን በጨርቅ አስራ በግራዋ ማግ ታጠነጥናለች። ግድግዳው ላይ ደግሞ የቤዛብሕ ፎቶግራፍ ያለበት ወረቀት ተለጥፏል።

«ከዩኒቨርሲቲው ድረ ገጽ አውጥታ ዊንጌት ሰፈር ሄዳ ያሳተመችልኝ ሩቲ ናት» አሉ አቶ መላኩ በኩራት። «የምርምር ፍላጎቱ ነው አለችኝ። እንግሊዝኛ ስለሆነ እስከዛሬ ዝም ብዬ ነው የማየው። እስቲ አንተው አንብብልኝ።»

ቤዛብሕ ጉሮሮውን ጠረገ። «እ… አንደኛው፣ ከተማው ነገ ምን ያህል ኃይል እንደሚፈልግ ዛሬ በኮምፒውተር መተንበይ ነው። ሁለተኛው፣ ከነፋስና ከፀሐይ የሚመጣው ኃይል ዋናውን መስመር እንዳያናውጥ መቆጣጠር። ሦስተኛው…»

«ሁሉም ለእኛ መብራት ነው አይደል?»

«አዎ። በስተመጨረሻ።»

«በስተመጨረሻው እስኪደርስ እንጠብቃለን» አለች ሩቲ ከማጓ ቀና ሳትል።

ከንግግሯ ሊሸሽ ቀና ሲል ነው ያየው። በጣሪያው ሥር ሁለት ሽቦዎች በሚገናኙበት ቦታ፣ ጡጫ የሚያክል በነጭ ማግ የተጠቀለለ ነገር ተንጠልጥሏል። ጫፉ ጠቁሯል።

«ጋሼ፣ ያ ምንድን ነው?»

«ረሳኸው? የራስህ እጅ ሥራ እኮ ነው!»

አልረሳውም ነበር። የሁለተኛ ዓመት ተማሪ ሳለ መስመሩን ወደ ኋላ ክፍል ቀጥልልን ቢሉት ቀጠለላቸው። የሽቦ መጠቅለያው ናስትሮ መሀል ላይ አለቀበት። አቶ መላኩ ያቀበሉትን ማግ በተራቆተው ሽቦ ላይ ጠቀለለና፣ በሚቀጥለው ሳምንት ናስትሮ ይዤ እመጣለሁ ብሎ በልቡ አሰበ። ለእሳቸው ግን «ጨርሻለሁ» ነበር ያላቸው። ዶርም ሲመለስ አንድ ጓደኛው ከጸጉሩ ላይ የጥጥ ብናኝ እያነሳ «የሸማኔ ልጅ ነህ እንዴ?» ቢለው ስቆ «ታክሲ ውስጥ ነው የነካኝ» አለ። ከዚያ ወዲያ ወደዚያ ቤት አልተመለሰም። በማያሳፍረው አፍሮ፣ በሚያሳፍረው ሳያፍር ዶክተር ሆነ።

«በየዓመቱ ለእንቁጣጣሽ አዲስ ማግ እደርብበታለሁ» አሉ አቶ መላኩ። «ጎረቤቶቼም አይተው በዐሥራ ሦስት ቤት እንዲሁ አድርገዋል።»

ዐሥራ ሦስት ቤት! የቤዛብሕ ጆሮ ጋለ።

«ጋሼ፣ ይህ አደገኛ ነው። ዛሬውኑ መቆረጥ አለበት።»

«ዐሥራ አራት ዓመት ምን አደረገን?»

«እኔን ወረወረኝ እንጂ!» አለች ሩቲ የታሰረ መዳፏን እያሳየች። «አቧራ ላራግፍ ብነካው ነው። እንዲጠግነው ጀላልን ከአዲሱ ገበያ ባመጣው አባቴ አባረረው።»

«እርጥበቱ ነው የነካት፤ ክረምቱ ሲወጣ ይተዋታል» አሉ አባቷ። «ያ ጀላል የሚባለው አምፖል ሻጭ ቆርጬ ልጣለው ይለኛል። የተማረ የቋጠረውን ያልተማረ አይፈታውም ብዬ ሰደድኩት።»

«ጀላል ልክ ነው። ምርምሮች እንደሚያሳዩት…»

«የትኛው ምርምር? ያንተ? እዚያ ወረቀት ላይ አለ?»

«የለም» አለ ቤዛብሕ ዝቅ ብሎ።

«እንግዲያው!»

ቤዛብሕ ሌላ መንገድ ፈለገ። እውነቱን ሳይናገር የሚያመልጥበት ቀዳዳ አጥቶ አያውቅም። «እንግዲህ አርጅቷል ጋሼ። ዕቃ ሁሉ ያረጃል።»

የአቶ መላኩ ፊት በራ። «እንደዚያ በለኝ! ካረጀማ አዲስ ማግ እንደርብበታለን። ሩቲ፣ አንቺ ፈርተሽዋል፤ ተይው እኔው እወጣለሁ።» ብለው ማጉን ነጥቀው፣ ባዶ እግራቸውን ከእርጥቡ መሬት አንስተው መቀመጫቸው ዱካ ላይ ወጡ፤ በአንድ እጃቸውም የሚያፈሰውን የጣሪያ ቆርቆሮ ያዙ።

«አይንኩት!» ቤዛብሕ ጮኸ። መወርወሪያዎቹ ሁሉ ቆሙ። «አይንኩት ጋሼ! ያን ዕለት አልጨረስኩም። ዋሸሁዎት። ናስትሮ አልቆብኝ ነበር፤ በማግ መጠቅለል እንደማይገባ አውቅ ነበር። ጥጥ ውሃ ይጠጣል፤ ሲርስ ኮረንቲውን ያሳልፋል፣ ሲደርቅ ይቀጣጠላል። ይህን በአንደኛ ዓመት ተምሬዋለሁ።»

አቶ መላኩ ማጉን እንደያዙ ወደ እሱ ዞሩ። «ታዲያ ለምን አልተመለስክም?»

«አፍሬ። በሽመናው አፍሬ ነው፣ በእርስዎና በአባቴ።»

ሩቲ አጎነበሰች። ሽማግሌው ቀስ ብለው ወረዱ፣ ዱካው ላይም ተቀመጡ። ቤዛብሕ ቢሰድቡት ይሻለው ነበር።

«ድር ሲበጠስ ምን ይደረጋል?» አሉት። «ያባትህን ሙያ ካልረሳህ ንገረኝ።»

«ተፈትሾ ይቀጠላል።»

«ክፉ ቋጠሮ ከገባበትስ?»

«ይቆረጣል፤ እንደገና ይቋጠራል።»

«በላዩ ላይ የሚሸምንስ?»

«ልብሱን ያበላሻል።»

«እንግዲህ እኔም ባለማወቅ፣ አንተም እያወቅህ በላዩ ስንሸምን ኖረናል። ከመጠምጠም መማር ይቅደም ይሉ ነበር አበው። አንተ ተምረህም ጠመጠምክ!» ብለው ሳይወዱ ሳቁ። ወዲያው ግን ፊታቸው ኮስተር አለ። «ያን ጀላልን ሰው ፊት አዋርጄዋለሁ። ቆጣሪውን አጥፋና ተነሥ፤ አብረን ሄደን ይቅርታ እንጠይቀው።»

ጀላል ይቅርታውን ተቀብሎ ናስትሮውን፣ ብሬከሩንና መሬት ውስጥ የሚቀበረውን የብረት ዘንግ ይዞ መጣ። ቤዛብሕ የዶክተር እጁን አቧራ አስነክቶ የጀላል ረዳት ሆነ። የተቆረጠው ቋጠሮ ሲፈታ ዐሥራ አራት ድርብ ማግ ወጣው፤ የውስጠኛው ከሰል ሆኖ ነበር። 

በቀጣዮቹ ቅዳሜዎች ቤዛብሕ ተማሪዎቹን እየመራ ዐሥራ ሦስቱን ቤቶች አዳረሰ። ዛሬ የዚያ ሰፈር ሸማኔ እርጥብ ጉድጓድ ውስጥ እግሩን ሲከት ከበላዩ ያለውን አይፈራም፤ ሽቦ ቢበላሽ እንኳ ብሬከሩ ቀድሞ ኮረንቲውን ይቆርጣል፤ የሩቲ መዳፍም ድኖ በሁለት እጇ ማግ ታጠነጥናለች። ዕውቀት የሰፈሩን ደጃፍ ሳያንኳኳ ወደ ሩቅ ከሄደ፣ ቤት ያለ ሰው ምን እንደሚነካ አያውቅም። አቶ መላኩም ከእንግዲህ አንድን ሥራ የሚያምኑት ማን እንደሠራው ጠይቀው ሳይሆን እንዴት እንደተሠራ አይተው ነው። በወረቀቱ ግርጌም በቤዛብሕ እጅ፣ በአማርኛ አንድ መስመር ተጨምሯል፤ «በሸማኔ ቤቶች የኤሌክትሪክ ደህንነት» ይላል። አሁን ራሳቸው ያነቡታል።

የከሰለውን ቋጠሮ ግን አቶ መላኩ በነጠላ ቁራጭ ጠቅልለው ለቤዛብሕ ሰጡት። የዓመቱ ትምህርት በተጀመረበት ቀን አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠው። ተማሪዎቹ ተጠግተው አዩና ሳቁ።

«የየትኛው ሰነፍ ሥራ ነው ይሄ?» አለች አንዲት ተማሪ።

ጆሮው እንደዚያ ቀን ጋለ። ቢሆንም ዐይኑን ከእሷ አላነሣም።

«የእኔ ነው» አለ። «የሸማኔ ልጅ ነኝ፤ ቋጠሮ የሚያስተምረኝ አላጣሁም ነበር። ተቀመጡ፣ ከዚህ እንጀምር።»