የሚጎተተው ቀሚስና የማያሳየው ታይት

የጃኬቴን እጅጌ ላሳጥር አንድ ልብስ መሸጫ ገብቼ ነበር። ሱቁ ጠባብ ነው። ግማሹን የተሰቀለ ልብስ ይዞታል፤ መስኮቱ ሥር የባለሱቁ ሚስት የምትሰፋበት መኪና ተቀምጧል። ባለሱቁን የሰፈሩ ሰው «አይመለስም» ይለዋል። ከራሱ በላይ «የተሸጠ ዕቃ አይመለስም» ብሎ ስለለጠፈ ብቻ አይደለም፤ ክርክር ከጀመረም የማይመለስ ሰው ስለሆነ ነው። እስኪያልቅልኝ በርጩማ ተሰጥቶኝ ተቀምጬ ሳለ አንዲት ባልቴትና አንዲት ወጣት እየተነታረኩ ገቡ። ጡረታ እስክወጣ ድረስ አስተማሪ ነበርኩ፤ ንትርክ ስሰማ ጆሮዬን መከልከል አይሆንልኝም።

ባልቴቷ ሻርፓቸውን አገጫቸው ሥር ጥብቅ አድርገው አስረዋል። የያዙትን ፌስታል ባንኮኒው ላይ ጣሉና፣

«ይኼን ጉድ ተቀበለኝ» አሉ።

ባለሱቁ ከራሱ በላይ ወደተለጠፈው ጽሑፍ ቀና አለ።

«ማንበብማ አላቃተኝም። የሸጥክላት ታይት ነው ወይስ የመስኮት መጋረጃ?»

«አክስቴ፣ ቀስ ይበሉ እንጂ፤ ሰው አለ» አለች ወጣቷ እኔን በዓይኗ እያሳየች።

«ሰውማ ይኑር! ይስማ!» ብለው ወደ እኔ ዞሩ። «እስቲ ይፍረዱ፣ እመቤቴ። ይህች የእህቴ ልጅ ናት። እናቷ ስታርፍ እኔ ነኝ ያሳደግኋት። ትምህርቷን ጨርሳ፣ እግራቸው አልታዘዝ ያላቸውን ሰዎች መቆምና መራመድ የሚያለማምዱበት ሆስፒታል ሥራ አገኘች። ተመስገን አልኩ። ትናንት ጠዋት መስኮቱ ጋ ጎንበስ ብላ የጫማዋን ማሰሪያ ስታስር ባያት... ምን ልበልዎ፣ ጭራሽ ባትለብስ ይሻል ነበር! ቢያንስ እንዳልለበሰች ታውቅ ነበር።»

የባለሱቁ ሚስት መኪናዋን አቁማ ሳቀች። የወጣቷ ፊት ደም መሰለ፤ አዘንኩላት።

«ስገዛው መስታወት ፊት አይቼዋለሁ እኮ» አለች ቀስ ብላ። «ምንም አያሳይም ነበር።»

«ቆመሽ ነዋ ያየሽው! ሥራሽ መቆም ነው? ጎንበስ፣ ቀና፣ ብርክክ ነው ሥራሽ። ጨርቁ ሲለጠጥ ምን እንደሚሆን ማን አየልሽ? ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባላል፤ የሰው ኋላም እንደዚያው ነው!»

«የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» ብሎ ባለሱቁ ጣልቃ ገባ፣ የሸጠላት እሱ ያልሆነ ይመስል።

ብዙ የተማሩ ሰዎች ከሽማግሌ ጋር ሲከራከሩ ሽማግሌው ልክ የሆነበትን ቦታ ዘለው ያልፋሉ። ከዚያ በኋላ የሚሉትን ሁሉ የሚያምናቸው የለም። ስለዚህ «ልጄ፣ በዚህስ አክስትሽ ልክ ናቸው» አልኳት።

«ልክ ናቸው፤ ተረትቻለሁ። ይኼኛው አሳይቷል። ግን አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ አይሁንብኝ። ጥፋቱ የጨርቁ ነው እንጂ ታይት የመልበሴ አይደለም። የማያሳይ እንፈልግ ነው የምለው።»

«ለምን ብለን? ሰፍቼ የሰጠሁሽ ቀሚስ አለ አይደል? እስከ ቁርጭምጭሚትሽ ይሸፍንሻል፤ ለጨዋ ልጅ የሚሆን ነው።»

«በቀሚስ አይሠራም፣ አክስቴ።»

«እንግዲያው ሰፊ ሱሪ።»

«እሱንማ ከቀሚሱም በፊት ሞከርኩት። አንድ ከባድ ሰው ላነሳ እግሬን ከፍቼ ዝቅ ስል ስፌቱ ተተረተረ። አዳራሹ ሙሉ ሰው ሰማው። ታካሚዬ ራሱ ‹አይዞሽ› አለኝ።»

ባልቴቷ ሊስቁ ዳዳቸው፤ ግን ዋጡት።

«እኛ በቀሚስ ያልሠራነው ሥራ የለም» አሉ። «ከእኛ በፊት የነበሩትም እንዲሁ። በቀሚስ የሞተ ሰው አላየሁም።»

«እትዬ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎ?» አልኩ።

«ይጠይቁኝ፣ ምን ከፋኝ።»

«ተንበርክከው ወለል ሲያጥቡ የቀሚስዎን ጫፍ ምን ያደርጉታል?»

«ሰብሰብ አድርጌ እሸጉጠዋለሁ። ሲያመልጠኝ በግራ እጄ እይዘዋለሁ።»

«እሷም በአንድ እጇ ትያዘው እንበል። ታዲያ ታካሚውን በየትኛው ትይዘዋለች?»

የሻርፓቸውን ቋጠሮ አጠበቁ። «የሚያግዛት ሰው አይጠፋም» አሉ፤ እንደማያምኑበት ግን ከድምፃቸው ያስታውቅ ነበር።

ይህን ጊዜ ወጣቷ ባንኮኒውን ተደግፋ፣ «አክስቴ፣ ያልነገርኩዎት ነገር አለ» አለች።

«ምን ደግሞ?»

«ከታካሚዎቼ አንዱ የጭነት መኪና ሹፌር ነበሩ። ግማሽ ጎናቸው አልታዘዝ ብሏቸው ስንት ተለማምደን፣ ባለ አራት እግሩን የመደገፊያ ብረት ይዘው መቆም ጀምረው ነበር። ሲቆሙ እኔ ፊታቸው ተንበርክኬ ጉልበታቸውን እይዝላቸዋለሁ። ያን ቀን የቀሚሴ ጫፍ ብረቱ እግር ሥር ገብቷል፤ አላየሁትም። ብድግ ስል ብረቱን ጎተተው። ሰውየው ወደቁ፣ እኔው ላይ ወደቁ። አጥንታቸው አልተሰበረም፤ ግን ከዚያ ወዲህ መቆም ፈርተዋል። ኃላፊዬም ‹የማይጎተት፣ የማያሳይ፣ እንደ ልብ የሚያንቀሳቅስ ልብስ ለብሰሽ እስክትመጪ ታካሚ አትነኪም› አለችኝ። የሰነበትኩት ፎጣ እያጠፍኩ ነው። የሙከራ ጊዜዬ ደግሞ ሊያልቅ ነው፤ ፎጣ እንዳጥፍ ብለው አይቀጥሩኝም። ለዚህ ነው ተጣድፌ ያገኘሁትን የገዛሁት።»

«ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም?»

«ቀሚሱን የሰፉልኝ እርስዎ ነዋ! እጅዎ እየተንቀጠቀጠ፣ እኔ መርፌው ላይ ክር እያስገባሁልዎ። የእርስዎ ቀሚስ ሰው ጣለ ብዬ በየት አፌ ልንገርዎ?»

የባልቴቷ ዓይን እንባ አቀረረ። እኔም ያዘጋጀሁትን ንግግር ዋጥኩት። ለአንድ ሰዓት የሚበቃ ንግግር ነበር፤ ሰውን የሚመልሰው ግን ብዙ ጊዜ ንግግር አይደለም።

«ሰውየው አሁንም አልቆሙም?» አሉ ባልቴቷ።

«አልቆሙም። ‹ከአንቺ ጋር ካልሆነ አልሞክርም› ይሉኛል።»

ባልቴቷ በሻርፓቸው ጫፍ ዓይናቸውን ጠረጉና ወደ ባለሱቁ ዞሩ።

«ያለህን ታይት በሙሉ አውጣ።»

ከዚያ በኋላ ያየሁትን ለማንኛዋም ገዢ የሚጠቅም ስለሆነ እነግራችኋለሁ። የመጀመሪያውን አንስተው እጃቸውን እስከ ክርናቸው ከተቱበትና ጡጫቸውን ጨብጠው፣ በሩ ላይ ወጥተው ወደ ፀሐይ ዘረጉት።

«ቀለበቴ ይታየኛል። ውሰደው።»

«ጥቁር እኮ ነው!» አለ ባለሱቁ።

«ያመጣሁልህስ ጥቁር አልነበር? ጥቁርነትና ድፍንነት ለየቅል ነው።»

«እትዬ፣ አይለጥጡብኝ፣ ይበላሻል!»

«በእኔ ጡጫ ከተበላሸ ከእሷ ጉልበት ምን ሊተርፍ ነው?»

ሁለተኛው ጥቅጥቅ ያለ ነበር። ቀለበታቸው አልታየም፤ «ይኼ ይሁን» አሉ። ወጣቷ ግን በጣቷ አሸት አሸት አድርጋ ራሷን ነቀነቀች።

«ይኼ ላስቲክ ነው፣ አክስቴ። አየር አያስገባም። አዳራሹ ይሞቃል፤ ቀኑን ሙሉ ስንቀሳቀስ ውዬ ገላዬ ሽፍ ይላል።»

«መሸፈን ብቻውን አይበቃም በይኛ!»

ይህን ሲሉ በእውነት አዲስ ነገር እንደተማሩ ፊታቸው ይናገር ነበር። ምቾት የፈለገች ሴት ጨዋነቷን የጣለች የሚመስላቸው ሰዎች ብዙ ናቸው። ልብስ የሚቆረቁራት ሠራተኛ ግን ቀኑን ሙሉ ልብሷን ስትጎትትና ስታስተካክል ትውላለች፤ የሰው ዓይን የሚስበውም ይኸው ነው።

ሦስተኛው የማያብለጨልጭ፣ ጠበቅ ብሎ የተሠራ ጨርቅ ነበር። በጡጫ ሲለጠጥም አልሳሳም። ወገቡ ሰፋ ያለ ስለሆነ አይጠቀለልም። ሁለቱ እግሮች የሚገናኙበት ቦታ ላይ ትንሽ ቁራጭ ጨርቅ ስለገባበት ስፌቱ አይቆረቁርም፤ እግር ሲከፈትም አይወጠርም። ወጣቷ ከመጋረጃው ጀርባ ለብሳው፣ እስከ ጭኗ የሚወርደውን የሥራ ሸሚዟን ደርባ ወጣች። ወደ መስታወቱ ልትሄድ ስትል አክስቷ ክንዷን ያዟት።

«መስታወቱን ተይው። ሥራሽን ሥሪ። እኚህን እመቤት አንሻቸው።»

ሳልጠየቅ ታካሚ ሆንኩ። ወጣቷ ፊቴ ተንበረከከች፤ ጉልበቴን በጉልበቷ ደግፋ፣ ክንዶቿን በብብቴ ሥር አስገብታ «ከእኔ ጋር ይነሱ» አለችኝ። ክብደቴ እንዲህ የዋዛ አይደለም፤ ቢሆንም ከበርጩማው እንዴት እንደተነሳሁ አላወቅሁም። አክስቷ ከኋላዋ፣ በበሩ ብርሃን ጎንበስ ቀና እያሉ ይመረምራሉ።

«ድገሚው።»

ደገመችው። እኔም ደግሜ ተነሳሁ።

«ምንም የለም» አሉ በመጨረሻ። «ድፍን ነው። አንቺስ፣ ያዝ አደረገሽ?»

«የለበስኩም አይመስለኝ።»

«ይኼንንማ ቅድምም ብለነው ነበር!» አሉና እፎይ ብለው ሳቁ። እኛም ሳቅን፤ «አይመለስም» ሳይቀር።

ባለሱቁ የድሮውን አልመልስም፣ እሳቸውም ካልመለስክ አልገዛም ብለው ሲከራከሩ፣ ሚስቱ አሮጌውን ተቀብላ አዲሱን ሰጠቻቸው። ነገሩ በዚህ ሊያልቅ ሲል አንዲት የባልቴቷ ጎረቤት የቀሚሷን ቁልፍ ልታስተክል ገባች። ወጣቷን ከላይ እስከ ታች አየቻትና፣

«እንዴ! ይኼን ለብሳ ነው ሥራ የምትሄደው? እርስዎ እያሉ?» አለች።

ልመልስላት አፌን ከፍቼ ነበር፤ አላስፈለገም።

«እኔው ነኝ የመረጥኩላት» አሉ አክስት። «አይጎተት፣ የማንም ብረት ሥር አይገባ። ብትጎነበስ፣ ብትንበረከክ ገላዋ አይታይ። አያልባት፣ አይቆረቁራት። ልብሷን ትታ ሥራዋን ታስባለች። ደግሞ ሰው የሚነሳው በሁለት እጅ ነው፤ ይኼ ሁለቱንም እጇን ይተውላታል። ቀሚሷማ አለ፤ በእረፍቷ ቀን ትለብሰዋለች። ቀሚስ መች ጠላሁ? ልብስ እንደ ሥራው ነው!»

ይህን ሲናገሩ የሰማ ከተወለዱ ጀምሮ የሚያምኑበት ነበር የሚመስለው። እኔም አላስታወስኳቸውም። አዲስ ሐሳብ የገባው ሰው የራሴ ነው ካለ፣ ነገሩ ሠምሯል ማለት ነው።

ጎረቤቷ ግን አልተዋጠላትም። «ሁሉም ጥሩ» አለች፤ «ሰው ምን ይላል?»

ባልቴቷ የእህታቸውን ልጅ ክንድ ይዘው ወደ በሩ እየሄዱ ነበር። ዘወር አሉ።

«ይላላ። ይበል። የወደቀ ቀን የምታነሳው ግን እሷ ናት።»