በነጥብ የተሠራው መልስ

(ቅዳሜ ጠዋት፣ ባዶ ክፍል ውስጥ። የስድስተኛ ክፍል የሒሳብ መምህሩ ውብሸት ለሰኞው የመምህራን ብቃት ፈተና ይዘጋጃሉ፤ የቀድሞ ተማሪያቸው፣ የዛሬ ባልደረባቸው ትርሲት ታስጠናቸዋለች።)

ውብሸት፦ በሩን ዝጊው ብዬሻለሁ እኮ!

ትርሲት፦ ቲቸር ደግሞ! ቅዳሜ ማን ይመጣል ብለው ነው? ይልቅ ጥያቄውን ይሥሩት። ስምንት ሰዎች ሁሉም እርስ በርስ ቢጨባበጡ፣ ስንት ጊዜ ይጨባበጣሉ?

ውብሸት፦ ስምንት ሲባዛ በስምንት። ስልሳ አራት።

ትርሲት፦ ሰው ራሱን ይጨብጣል?

ውብሸት፦ እ... ሃምሳ ስድስት።

ትርሲት፦ እኔና እርስዎ ብንጨባበጥ ሁለት ተብሎ ይቆጠራል?

ውብሸት፦ ኤጭ! ቀመሩ ጠፋብኝ አልኩሽ። ሁለት ጊዜ የጣለኝ ይኸው ነው። አሁንም ከወደቅሁ ከክፍል አውጥተው መዝገብ ቤት ነው የሚወረውሩኝ፤ ከሃያ ስድስት ዓመት በኋላ!

ትርሲት፦ ቀመሩን ይተዉት። ሁለት ሰው ብቻ ቢሆኑስ?

ውብሸት፦ አንድ ነዋ።

ትርሲት፦ ሦስተኛ ሲመጣ?

ውብሸት፦ ሁለቱን ይጨብጣል፤ ሦስት። አራተኛው ሦስቱን፤ ስድስት። ከዚያ አስር... አስራ አምስት... ሃያ አንድ... አንቺ! ሃያ ስምንት ነው!

ትርሲት፦ ጎሽ! ካልሆነም ሰዎቹን ነጥብ ያድርጓቸውና፣ በመስመር አገናኝተው መስመሩን ይቁጠሩ። ...ምነው? ምን ሆኑ?

ውብሸት፦ ባለፈው ሳምንት ይህንኑ፣ ስድስት ሰው አድርጌ ለልጆቹ ፈተና ሰጥቼ ነበር። አንዲት ልጅ በነጥብ ሠርታ አስራ አምስት አመጣች። ቀመሩ የታለ፣ ከማን ኮረጅሽ ብዬ ወረቀቷን ክፍሉ ፊት ቀደድኩት።

ትርሲት፦ ሰምቻለሁ።

ውብሸት፦ እኔ ራሴ መልሱን ያገኘሁት ከመምህሩ መምሪያ ገልብጬ! አቤት ውርደት!

ትርሲት፦ በነጥብ መሥራቱን ያሳየኋት እኔ ነኝ፣ ቲቸር። ስታለቅስ እያየኋት እርስዎን ፈርቼ ዝም አልኩ። እኔም አፍሬያለሁ።

ውብሸት፦ ሰኞ ልለፍ ብቻ፣ ክፍሉ ፊት ይቅርታ እጠይቃታለሁ።

ትርሲት፦ ቢወድቁስ?

ውብሸት፦ ከወደቅሁማ ምን ክፍል አለኝ?

ትርሲት፦ እንግዲያው ዛሬ ቤቷ እንሂድ። አሁን።

ውብሸት፦ እናትና አባቷ ፊት?

ትርሲት፦ እሷስ ሰባ ልጅ ፊት አይደል?

ውብሸት፦ ...እሺ። መጀመሪያ ግን ስሟን ንገሪኝ። «አንቺ ኮራጅ» አልኳት እንጂ፣ በስሟ ጠርቻት አላውቅም።