ሰሚራ ላይ የተሳለው ዓይን

ልጄን ሰሚራን ፎቶ ያስነሳኋት ግንባር ላለው አባቷ ልልክለት ነው። ሳትወለድ ስለዘመተ መልኳን አያውቅም። ጊንጆ ሰፈር ያለው ፎቶ ቤት ስንገባ እንቅልፍ ወሰዳት፤ ብቀሰቅሳትም እምቢ አለች። ፎቶ አንሺው ጋሽ ከማል፣ «ግዴለም፣ ፎቶው ሲታጠብ ዓይኗን በእርሳስ ስዬ እከፍትልሻለሁ» አሉኝ። ሽማግሌ ናቸው፣ ምን እላለሁ?

ፎቶውን ልወስድ ሰሚራን አዝዬ ስመለስ፣ ልጄ ከወረቀቱ ላይ ዓይኗን ከፍታ ታየኛለች። አስተያየቷ የትልቅ ሰው ነው። ቀና ስል ግድግዳው ላይ ፎቷቸው የተሰቀለው ሙሽራዋም፣ ወታደሩም በዚያው ዓይን ያዩኛል።

«ያ ረቢ! ጋሽ ከማል፣ ይሄ የማን ዓይን ነው?»

«የጨፈነ ሰው ሲገጥመኝ የምስለው እሱን ነው። መምህሬ ያሳዩኝ አንድ ዓይን ነው፤ ከዚያ ወዲያ አልተማርኩም።»

«እሳቸውስ ከማን አዩት?»

«አልነገሩኝም» አሉና እሳቸውም ግድግዳውን ፈራ ተባ እያሉ አዩት።

እንደገና እንዳያነሷት ፊልም አልቋል፤ ፎቶውን የሚያደርስልኝ ሰው ደግሞ ነገ ይሄዳል። «አባቷ በሰው ዓይን አያውቃትም፤ የእሷን ይማሩ!» ብዬ አሁን ነቅታ የምታየውን ሰሚራን ፊታቸው አስቀመጥኳት። የድሮውን በምላጭ ፍቀው፣ እሷን እያዩ፣ እንደ ጀማሪ ቀስ ብለው አዲስ ሳሉ። አልሃምዱሊላህ፣ የልጄ ዓይን ወጣ።

ልወጣ ስል ጠሩኝ። «የሙሽራዋን ቤት ታውቂዋለሽ? ሄጄ የራሷን ዓይን ልየው።»

«ወታደሩንስ?»

«እሱማ ከዘመተበት አልተመለሰም። ከየት አየዋለሁ፣ ልጄ?»

የግድግዳው ዓይን እንዳያያት ሻሼን ሰሚራ ፊት ላይ ጣል አድርጌ ወጣሁ።